የኦታካር ቅባትና የብላዤና ጣቶች

ሬናታ ጫማዋን ሳታወልቅ ማዕድ ቤት ገባች። ብላዤና ያን ጊዜ አወቀች።

በላዚ መንደር ጫማ አድርጎ ሰው ቤት የሚገባ የለም። ቄሱም ቢሆኑ ደጃፍ ላይ አውልቀው የቤት ነጠላ ጫማ ይጠይቃሉ። ሬናታ ደግሞ ከከተማ የመጣች ምራት ስለሆነች፣ እንዳትታማ ብላ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ደንብ አንድ ቀን ተላልፋው አታውቅም። አሁን ግን የየካቲት በረዶ ከጫማዋ ሥር እየቀለጠ በተወለወለው ወለል ላይ ሲወርድ ልብ አላለችውም።

"መቼ ነው?" አለች ብላዤና።

"ዛሬ ማለዳ። ሊዮሽ አጠገባቸው ነበር።"

ሊዮሽ የብላዤና አንድ ልጅ፣ የሬናታ ባል ነው። ከአባቱ ጋር ሆስፒታል ያደረው እሱ ነበር።

"ኦታካር ምንም አልተናገረም?"

"ተኝተው ነበር፣ እማማ። እንደተኙ ነው።"

ብላዤና ራሷን ነቀነቀች። ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን ተመለከተች፤ ከዚያ ወለሉን ተመለከተች። "ጫማሽን አውልቂ፤ እግርሽ ረጥቧል" አለች። ሬናታ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ብላዤና ሻይ ላፍላ ብላ ተነሣች፤ የሻይ ቅጠሉን ጣሳ ክዳን ግን መክፈት አቃታት። እንዲህ ያለውን ሁሉ የሚከፍትላት ኦታካር ነበር።

የብላዤና ባል ኦታካር ወይን አምራች ነበር፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። አርባ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ "እወድሻለሁ" ያላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ "አንዱንም ጠጥቶ ነው" እያለች ትቀልድበት ነበር። ሆኖም ላለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት፣ ማታ በሬዲዮ የአየር ጠባይ ትንበያ ሲጀምር፣ ትንሿን የሸክላ ማሰሮ ይዞ ይመጣል፤ ወንበሩን ወደ ወንበሯ ይስባል፤ እጆቿን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አረንጓዴውን ቅባት አንጓ በአንጓ ያሻል። ከትንሿ ጣት ይጀምርና በአውራ ጣት ይጨርሳል። ሬዲዮው "ነገ ፀሐይ ነው" ሲል እሷ "ዝናብ ነው" ካለች፣ የሚያምነው እሷን ነበር። "ሬዲዮ ቁርጥማት የለበትም፤ ከየት ያውቃል" ይላል።

ቁርጥማቱ የጀመራት በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራለች። መጀመሪያ አንጓዎቿ አበጡ፤ ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልዘረጋ አሉ። የታዘዘላት ክኒን ጨጓራዋን ላጠው። ኦታካር ከወይን አምራች ጓደኞቹ ሰምቶ፣ ከቤቱ ጀርባ በቃሪያውና በቲማቲሙ መካከል አራት እግር ካናቢስ ተከለ። ቅጠሉን አድርቆ በአሳማ ሞራ ውስጥ ቀስ ብሎ ያበስለዋል። ለመንደሩ አዲስ ነገር አልነበረም። በላዚ በስንቱ ጣሪያ ሥር ያ ቅጠል ተሰቅሎ እንደሚደርቅ ሁሉም ያውቃል። የፖሊሱ እናት ሳትቀር ከኦታካር ማሰሮ ትወስድ ነበር፤ ፖሊሱም በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቃሪያውን ያደንቃል እንጂ ከቃሪያው ጀርባ ያለውን አያይም።

ቅባቱን የሚሠራው ብቻውን፣ ወይን በሚያስቀምጥበት ምድር ቤት ነው። ስንት ቅጠል፣ ስንት ሞራ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጣድ ለማንም አልተናገረም። ብላዤና ስትጠይቀው "አንቺ እጅሽን ይዘሽ ነይ፤ ሌላው የኔ ነው" ይላታል። እሱ ሲቀበር ማሰሮው ውስጥ የቀረው ሢሶ ያህል ነበር።

ቆጠበችው። በአንድ እጇ ሌላውን ለማሸት ሞከረች፤ ግን የታመመ እጅ የታመመን እጅ ሲያሽ ሁለቱም ይጮኻሉ። ፋሲካ ሳይደርስ ማሰሮው ተጠረገ። በግንቦት ቁልፍ ያለው ልብስ መልበስ ተወች።

ከሁሉ የባሰባት ግን የሻሹ ነገር ነበር። ላዚ በመስከረም ዓመታዊ በዓሉን ሲያከብር፣ ልጃገረዶቹ የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው ሁለት ቀን ሙሉ ይጨፍራሉ። ራሳቸው ላይ አበባ ያለበት ትልቅ ቀይ ሻሽ ይታሠራል፤ ግንባር ላይ ልጥፍ ይልና ሁለቱ ጫፎቹ ከላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። መርፌ የለው፣ ክር የለው። የሚይዘው ማጅራት ላይ ተደብቃ በአውራ ጣት የምትጠብቅ አንዲት ቋጠሮ ናት። ይህን የምትችል በመንደሩ ብላዤና ብቻ ነበረች። ከአማቷ ተማረችው፤ አርባ ዓመት አሠረች። ለሬናታ ግን አላስተማረቻትም። ሬናታ አንድ ጊዜ፣ ገና ሙሽራ ሳለች፣ ጠይቃት ነበር። "የከተማ እጅ ለዚህ አይሆንም" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሬናታ አልጠየቀችም።

በግንቦት መጨረሻ ጎረቤቷ ፍሎሪያን መጣ። የኦታካር አብሮ አደግ፣ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላው፣ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር ያልቀረችለት ሰው ነው።

"ዘንድሮ ሰባት ልጃገረዶች ናቸው" አለ።

"ሰባት አሥራለሁ።"

"እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።"

"የአሳማ ገበያ መሰለህ? አላሳይም።"

ፍሎሪያን ፈገግ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ ብላዤና። የታችኛው መንደር ሰዎች ተሰፍቶ ያለቀለት ሻሽ ነው የሚያስመጡት። ያጠልቁታል፣ ያወልቁታል፤ አለቀ።"

"እሱ ባርኔጣ ነው። ካማረህ ለራስህ ግዛ፤ የሚበርደው ያንተ ራስ ነው።"

"እኔም ባርኔጣ አልወድም። ግን ማዘዝ ካለብን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። እስከዚያ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ኮሚቴውን ማስቆም አልችልም።"

እሱ ሲሄድ ብላዤና ሻሹን ከሣጥን አውጥታ በራሷ ጉልበት ላይ ልታሥረው ሞከረች። አውራ ጣቷ ቋጠሮዋ ላይ ሲደርስ ሕመሙ እስከ ክርኗ ወጣ። ሻሹ ተፈትቶ እግሯ ሥር ወደቀ።

በማግስቱ ቅባቱን ራሷ ልትሠራ ተነሣች። ኦታካር ባለፈው መኸር ያደረቀው ቅጠል ጣሪያ ሥር በትራስ ልብስ ውስጥ ነበር። ሞራ ፍለጋ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። እዚያ ከጥር የአሳማ እርድ የቀሩ ሁለት ማሰሮዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ንጹሕ ሞራ፣ ሌላው ጨውና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ዳቦ ላይ የሚቀባው። ኦታካር በዓይኑ ሳይሆን በቦታቸው ነበር የሚለያቸው። ብላዤና ደረጃው አጠገብ ያለውን አነሣች። ቅጠሉን በግምት ጨምራ ግማሽ ቀን በለስላሳ እሳት ምድጃ ውስጥ አቆየችው። ቤቱ ጥብስ ጥብስ ሲሸት ስህተቷ ገባት። "ሞራ ሞራ ነው፤ ለመብላት አይደል" ብላ አጠለለችው፤ እንዲቀዘቅዝ ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው አጠገብ አስቀምጣ፣ የመቃብሩን አበባ ውኃ ልታጠጣ ሄደች።

በላዚ ከጎረቤት ማዕድ ቤት ገብቶ፣ ዳቦና ሞራ ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ የማይቆርስ ሰው ኩራተኛ ይባላል። ፍሎሪያን ኩራተኛ አልነበረም። የጎመን ችግኝ ሊሰጣት መጥቶ፣ ጫማውን በደንቡ አውልቆ፣ ሽንኩርት ከትፎ፣ ቆርሶ በላ፤ ብላዤና ስትመለስ አፉን እየጠረገ አገኘችው።

"እጅሽ አልደከመም ብላዤና። ነጭ ሽንኩርቱ ልክ ነው፣ ጨውም አለው። ያቺ አረንጓዴዋ ምንድን ናት?"

ብላዤና ማሰሮውን አየች። ከዳር በኩል በደንብ ተቆፍሯል።

"ስንት ቁራሽ በላህ?"

"ሦስት። ሰሰትሽ እንዴ?"

"ፍሎሪያን፣ የእጄ ቅባት እኮ ነው።"

ትንሽ አሰበ። "እንግዲያ አንጀቴን ቁርጥማት አይነካውም" አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ የግድግዳው ሰዓት ያስቀው ጀመር። "እዪው፣ ሲሄድ ሲሄድ ይውልና እዚያው ነው" እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ።

"ብላዤና፣ እግሬ የት ሄደ?"

"እዚሁ አለ። ካልሲህ ተቀዷል።"

"ልቤ እየሮጠ ነው። ከኔ ቀድሞ እየሄደ ነው።"

ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ስትይዘው ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ብላዤና ፈራች፤ በአንድ ዓመት ሁለት ሰው ከዚህ ቤት ሄዶ ሊቀር ነው ብላ። ሬናታን ጠራቻት፤ ሬናታ በመኪናዋ ሁለቱንም ይዛ ወደ ከተማው ሆስፒታል ነዳች።

"የበሉትን እንነግራቸዋለን፣ እማማ" አለች ሬናታ መንገድ ላይ። "ካላወቁት በስህተት ያክሟቸዋል።"

"የኦታካርን ስም አታንሺ።"

"አላነሣም።"

ከኋላ ወንበር ፍሎሪያን፣ "እኔ ከሞትኩ ሞራው ጥሩ ነበር ብላችሁ ተናገሩልኝ" አለ።

የዕለቱ ተረኛ ዶክተር ማልኮቫ ትባላለች፤ በሌላ ቀኗ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን የምታክም ናት። ፍሎሪያንን አስተኝታ፣ ደረቱ ላይ ገመዶች ለጥፋ፣ "ምን ወሰዱ?" ስትል ብላዤና ከሬናታ ቀድማ መለሰች።

"ካናቢስ በአሳማ ሞራ። ለእጄ ነው የሠራሁት። ባሌ ሲሠራው ማንም ታሞ አያውቅም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ለመቀባት የተሠራ ነገር ሲበላ ዘግይቶ በአንድ ጊዜ እንደሚመጣ፣ በዚህ ዕድሜ ልብን ሊያስቸግር እንደሚችል ነገረቻቸውና እስከ ነገ እዚህ ይቆያል አለች። ማምሻውን ፍሎሪያን እያንኮራፋ ሳለ ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ከብላዤና አጠገብ ተቀመጠች።

"እጅዎን ልየው፣ እናቴ።"

ብላዤና ለፍሎሪያን የከለከለችውን እጅ ዘረጋች። ሐኪሟ አንጓዎቹን አንድ በአንድ ነካች።

"ቅባቱን ማን ነበር የሚያሽልዎ?"

"ባሌ።"

"ሁልጊዜ?"

"በየማታው። የአየር ጠባዩም ዜናውም እስኪያልቅ።"

ሐኪሟ የብላዤናን እጅ አልለቀቀችም። "ቅጠሉ በቆዳ በኩል ምን ያህል እንደሚገባ በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም። ብዙ አይመስለኝም። ሙቀቱና ማሸቱ ግን ትልቅ ነገር ነው። ምናልባት ግማሹ መድኃኒት እጁ ነበር።"

ሬናታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ ካናቢስ አለ" አለች ሐኪሟ ቆይታ። "ከፋርማሲ፣ በእንክብል።"

"ሐሺሽ በእንክብል?"

"በእንክብል። ልኩ የታወቀ፣ ነጭ ሽንኩርት የሌለበት። የተጣመመውን አያቀናም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ። ለእብጠቱ ጨጓራዎን የማይነካ ሌላ መድኃኒት እንፈልጋለን። ይኼኛው ሕመሙን ካለዘበልዎና እንቅልፍ ከሰጠዎ ይበቃናል። ሁሉንም ሰው አይረዳም፤ በትንሹ ጀምረን እናያለን።"

"እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይሠራል?"

"ሐምሌ ላይ ምን አለ?"

"ባርኔጣ" አለች ብላዤና።

ፍሎሪያን በማግስቱ ርቦት ነቃ፤ ቤቱም ሲገባ ነገሩን ለመንደሩ ሁሉ ያወራው ራሱ ነው። ብላዤና ፋርማሲ ስትሄድ በኀፍረት ወረቀቱን አጥፋ ሰጠች። ፋርማሲስቱ ዘርግቶ ጮክ ብሎ አነበበው። ከኋላዋ ተሰልፋ የነበረችው የፖሊሱ እናት በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ስንት አዘዘችልሽ? ለኔስ ትሰጠኝ ይሆን?" አለቻት።

የመጀመሪያው ሳምንት አልተመቻትም። ራሷ ዞረ፣ አፏ ደረቀ፣ አንድ ቀን በደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰች። በሦስተኛው ሳምንት ብላዤና እስኪነጋ ተኛች። ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ክፍሉን ለቆ በር ላይ እንደቆመ ሰው ሆነ። አለ፣ ይሰማል፣ ግን አይነካትም። ጠዋት ዳቦዋን ሳትጨርስ ጣቶቿ ይዘረጉ ጀመር።

ሬናታ ማታ ማታ መምጣት ጀመረች። ከፋርማሲ የተገዛ ተራ ቅባት ይዛ ነበር።

"ሐኪሟ ማሸቱ ጥሩ ነው ብላለች።"

"እጅሽ ቀዝቃዛ ነው።"

"አሙቀዋለሁ።"

ሬናታ እጇን ምድጃው ላይ አሙቃ ተመለሰች። ብላዤና ብዙ አመነታች፤ ከዚያ እጆቿን በምራቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠች። "ከትንሿ ጀምሪ። አውራ ጣቱ በመጨረሻ ነው" አለች። ሬዲዮውን አልከፈቱትም።

ጣት መዘርጋቱ ግን ጉልበት አልሆነም። ሻሹን ግንባር ላይ ወጥሮ የሚይዝ ኃይል ብላዤና ከእንግዲህ አይኖራትም፤ ይህን ራሷ አወቀችው። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሻሹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና፣ ሬናታን ሳታያት፣ "ያንን ጫፍ ያዢ" አለቻት።

ሬናታ ያዘች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳላስተማረቻት ግን አላነሣችም።

የሚለማመዱበት ራስ ያስፈልግ ነበር፤ ፍሎሪያን ራሱን አቀረበ። ከሰኔ መገባደጃ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በየእሑዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀይ ሻሽ ታሠረበት። ፀጉር የለው፤ ሻሹ ይንሸራተታል።

"እዚህ ራስ ላይ ከቆመ የትም ይቆማል" ትላለች ብላዤና። "ሳቢ፣ ሬናታ። አትዘኚለት።"

"ዓይኔን ወደ ጆሮዬ እየሳባችሁት ነው።"

"ዝም በል፤ ሙሽራ አይናገርም።"

"የበላሁትን ሞራ በራሴ እየከፈልኩ ነው" ይላል ፍሎሪያን።

በሐምሌ የመጨረሻ እሑድ ሁለቱ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ፍሎሪያን ተነሥቶ በመስታወት ራሱን አየ፤ አንገቱን ግራ ቀኝ አወዛወዘ፤ ዘለለ። ሻሹ አልወደቀም። በዚያው እንደታሠረ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ሄደ። ባርኔጣው አልታዘዘም።

በመስከረም፣ የበዓሉ ዕለት፣ ሰባቱ ልጃገረዶች ጎሕ ሲቀድ የብላዤናን ማዕድ ቤት ሞሉት። ሬናታ ወጠረች፣ ብላዤና አጠፈች፣ አዞረች፣ ቋጠረች። አራቱ እንዲህ አለቁ። አምስተኛዋ ላይ ጣቶቿ እንቢ አሉ። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

"ቀጥዪ" አለች ሬናታን። "እኔ እነግርሻለሁ።"

የቀሩትን ሦስቱን ሬናታ አጠፈች፣ አዞረች፣ አቆመች። ብላዤና ከወንበሯ "ላላ"፣ "ወደ ግራ"፣ "አሁን ልክ ነው" እያለች መራቻት። ቋጠሮዋ ላይ ሲደርሱ ልጃገረዶቹ አንድ በአንድ ፊቷ ተንበረከኩ፤ ብላዤናም አውራ ጣቷን አስገብታ ራሷ አጠበቀችው። ሦስት ጊዜ አመማት፤ ሦስት ጊዜ ቻለችው።

ልጆቹ ሁለት ቀን ጨፈሩ። ሬናታ ካሠረቻቸው አንዱ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቅንድብ ወረደ፤ ልጅቷ በመዳፏ ገፍታ አቆመችው። ሌሎቹ አልተነቃነቁም። ፍሎሪያን በየጠረጴዛው እየዞረ ሻሹ መጀመሪያ የታሠረው በማን ራስ ላይ እንደሆነ ሲናገር አመሸ።

አሁን ኅዳር ነው። ብላዤና ማታ ማታ እንክብሏን ትውጣለች፤ በየሦስት ወሩ ዶክተር ማልኮቫ ዘንድ ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ቁልፍ ያለውን ሹራቧን ራሷ ቆለፈች፤ ከአንዱ በቀር ሁሉንም። እሑድ እሑድ ሬናታ ትመጣለች፤ ፍሎሪያንም ራሱን ይዞ ይመጣል። ማጠፉን ሬናታ ችላዋለች፤ ማዞሩንም ችላዋለች። የማጅራት ቋጠሮዋን ግን እስካሁን አልቻለቻትም።